ከክራር ጋር የሚቃኝ ሲንተሳይዘር፦ ከአሮጌ ኪቦርድ እስከ እጅ ሥራ

በጎንደር ሠርግና በአዝማሪ ቤቶች ኪቦርድ ከማሲንቆ ጎን መቆም ከጀመረ ቆይቷል። ሁለቱ ግን ሁልጊዜ አይስማሙም። ማሲንቆ መቺው ጣቱን በጭራው ላይ ሸርተት አድርጎ የሚያገኛትን ድምፅ፣ ኪቦርዱ በሁለት ቁልፎቹ መካከል ጥሏት ያልፋል። ፋብሪካው አንዱን ኦክታቭ ለ12 እኩል ቦታ ከፋፍሎ ዘግቶታል፤ አንቺሆዬ ቅኝትን የሚጫወት ሰው ግን በእነዚያ 12 ቦታዎች ላይ ብቻ አይቆምም። ብዙ ጊዜ የሚሆነውም ማሲንቆው ለኪቦርዱ መገዛቱ ነው።

ይህ መመሪያ ነገሩን ለመገልበጥ የተጻፈ ነው። ድምፁ ሁሉ እንደ ክራር ጅማት አንድ በአንድ የሚቃኝ ትንሽ ሲንተሳይዘር በእጅዎ ይሠራሉ፤ ማሽኑ ለቅኝቱ ይገዛል። ከዚያ በፊት ግን አሮጌ ዕቃ እንዴት እንደሚሰበሰብና እንደሚፈተሽ እንይ፤ ምክንያቱም መሥራትን በፍጥነት የሚማሩት ሌላ ሰው የሠራውን ፈተው በማየት ነው።

ምን እንደሚሰበስቡ ይወቁ

ከገበያ የሚያገኙት አብዛኛው ኪቦርድ የተቀዳ የፒያኖና የጊታር ድምፅ መልሶ የሚያሰማ ነው። ሲንተሳይዘር ግን ድምፁን ራሱ ከኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጥራል። አሜሪካዊው ሮበርት ሙግ እ.ኤ.አ. በ1964 ያቀረበው ማሽን በጥሬ ሞገድ ተነሥቶ በማጣሪያ የሚቀርጽ ነበር። ጆን ቻውኒንግ ደግሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ሞገድ ሌላውን እንዲያንቀጠቅጥ በማድረግ አዲስ ዓይነት ድምፅ ማውጣት ቻለ፤ ያማሃ ይህን ዘዴ ይዞ በ1983 ዲኤክስ7ን አወጣ። 61 ቁልፍ አለው፤ በአንድ ጊዜ 16 ድምፅ ያሰማል። የ1980ዎቹ ሙዚቃ በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ጥራትና ቅዝቃዜ የለበሰው በአብዛኛው በእሱ ምክንያት ነው።

በእኛ ሙዚቃ ውስጥ ይህ ማሽን የሠራውን ለመስማት ከፈለጉ ኃይሉ መርጊያን ያዳምጡ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፤ በ1985 ብቻቸውን አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ዲኤክስ7 እና የከበሮ ማሽን ደራርበው አንድ ካሴት ቀዱ። ያ ካሴት ለብዙ ዓመት ተረስቶ ከቆየ በኋላ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 በድጋሚ ታተመ፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። ለሰብሳቢ ትልቅ ትምህርት አለው፦ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ከኪቦርዱ ጎን የተከመረውን ካሴትም ያገላብጡ። አንድ መሣሪያ ምን ማድረግ እንደሚችል ከመመሪያ መጽሐፉ ይልቅ በእሱ የተቀዳው ዘፈን ይነግርዎታል።

ጎንደር ላይ ፍለጋውን ከፒያሳ ዙሪያ የቴፕና የቴሌቪዥን ጥገና ቤቶች ይጀምሩ። ባለቤቱ «የማይሠራ ኪቦርድ አለ?» ብለው ቢጠይቁት ከመደርደሪያ ሥር የሚያወጣው አያጣም። ቅዳሜ ገበያን፣ የሆቴል ባንድ ተጫዋቾችን፣ ዕቃ የሚቀይሩ ቤተ ክርስቲያኖችን ይጠይቁ። ያልተነካ ብርቅ መሣሪያ ካገኙ ግን አይቀይሩት፤ ያጽዱት፣ ይጠግኑት፣ እንደ ነበረ ያቆዩት። መቀየርን በርካሽ የልጆች ኪቦርድ ላይ ይለማመዱ።

ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት

ከዘመድ በሻንጣ የመጣ ኪቦርድ ጀርባውን ያንብቡ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 120 ቮልት ብሎ ይጽፋል፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። እንደመጣ ቢሰኩት የኃይል ክፍሉ ይቃጠላል፤ ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልግዎታል። በአዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ቮልቱ ብቻ አይበቃም። ብዙዎቹ አሮጌ ካሲዮዎች 9 ቮልት፣ የሶኬቱ መካከል ኔጋቲቭ የሆነ አዳፕተር ይፈልጋሉ፤ ያማሃዎቹ በአብዛኛው 12 ቮልት፣ መካከሉ ፖዘቲቭ። በሶኬቱ አጠገብ የተሣለውን ትንሽ ክብ ምልክት አይተው በቴስተር ሳያረጋግጡ አይሰኩ።

ከሁለት ተመሳሳይ መሣሪያዎች መካከል መምረጥ ካለብዎት በባትሪ የሚሠራውን ይውሰዱ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዱ ተሳፋሪ የሚጠብቁባትን ሰዓት ለልምምድ የተጠቀሙባት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናቸው ውስጥ ስለነበረ ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ፣ ከዚያም አልፎ ዳባትና ደባርቅ ድረስ ይዘውት ለሚሄዱት መሣሪያ ደግሞ ባትሪ ዋና ነገር ነው።

ከዚያ ይክፈቱት። ብሎኖቹን ከየት እንዳወጡ በወረቀት ላይ ይሣሉ፤ ሽቦ ከመንካትዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱ። ባትሪ ቤቱ ውስጥ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ በጥቂት ኮምጣጤና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አንስተው በደንብ ያድርቁ። አንዳንድ ቁልፎች የማይጮኹ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፤ ከቁልፎቹ ሥር ያለውን ጥቁር ላስቲክና ቦርዱን ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፣ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ዲኤክስ7 ካገኙ ደግሞ ውስጡ ያለችው ክብ ባትሪ ስታልቅ ያስቀመጧቸው ድምፆች አብረው ይጠፋሉ፤ ከመቀየርዎ በፊት ድምፆቹን ወደ ካርትሪጁ ወይም ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። በመብራት የሚሠራ መሣሪያ ከነቀሉትም በኋላ በኃይል ክፍሉ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ስለሚቆዩ፣ ያን ክፍል ልምድ ለሌለው ሰው አልመክርም።

ለመጀመሪያ ልምምድ የልጆች ኪቦርድ

በባትሪ ብቻ የሚሠራ ርካሽ የልጆች ኪቦርድ ይክፈቱ። በዋናው አይሲ አጠገብ ካሉት ሬዚስተሮች አንዱ የማሽኑን ፍጥነት የሚወስን ሆኖ ይገኛል። አንድ ቁልፍ ተጭነው ይያዙና በረጠበ ጣትዎ የየሬዚስተሩን ሁለት ጫፍ ይንኩ፤ ድምፁ ከወጣ ወይም ከወረደ አግኝተውታል። ሬዚስተሩን ነቅለው መጠኑን በቴስተር ይለኩ፤ በምትኩ ከመጠኑ ግማሽ የሚሆን ሬዚስተርና ከመጠኑ ጋር እኩል የሆነ ቮልዩም በተከታታይ ያስገቡ። አሁን መላው ኪቦርድ ከፍና ዝቅ ይላል።

ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ግን ቅኝት አይሰጥም። ሁሉም ድምፅ አብሮ ስለሚወጣና አብሮ ስለሚወርድ በመካከላቸው ያለው ርቀት እንደነበረ ይቀራል። ለዓረብ ሙዚቃ ታስበው የተሠሩት የያማሃ ፒኤስአር-ኤ እና የኮርግ ፒኤ ዓይነቶች እያንዳንዱን ድምፅ በጥቂቱ ለማንሳትና ለማውረድ የሚያስችል «ስኬል ቱኒንግ» የሚባል ማስተካከያ አላቸው፤ ገንዘብ ካለዎት ጥሩ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ዲኤክስ7 ይህ የለውም። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 አሜሪካ ሃርቫርድ በነበሩበት ጊዜ ከኤምአይቲ ጋር ክራርን በማዘመን ሥራ ላይ ተሰማርተው ነበር፤ ይህ ክራሩን ወደ አዲሱ ዘመን ማምጣት ነው። የእኔ ምክር የሌላውን ጫፍ ይዞ መጀመር ነው፦ ኤሌክትሮኒክሱን ወደ ክራሩ ማምጣት።

የሚያስፈልግዎ ዕቃ

ዋናው ክፍል 14 እግር ያለው ሲዲ40106 የተባለ አይሲ ነው። ውስጡ ስድስት አንድ ዓይነት ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ በአንድ ሬዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ብቻ ሞገድ ያወጣል። ከ3 እስከ 18 ቮልት ስለሚሠራ 9 ቮልት ባትሪ ይበቃዋል። ጎንደር ላይ ካጡት ከአዲስ አበባ መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ያስልኩ፤ ሁለት ሦስት አድርገው ይያዙ። እሱ ከጠፋ 74ኤችሲ14 በእግር አቀማመጥ አንድ ነው፤ ነገር ግን 5 ቮልት ብቻ ይስጡት፣ 9 ቮልት ይገድለዋል።

ሌላው ከአሮጌ ቴፕና ሬዲዮ ይነቀላል፦ 104 የሚል የተጻፈባቸው ካፓሲተሮች (0.1 ማይክሮፋራድ ማለት ነው)፣ አንድ 1 ማይክሮፋራድ፣ አንድ 10 ማይክሮፋራድ፣ ባለ 10 ኪሎ፣ ባለ 100 ኪሎና ባለ 1 ሜጋ ሬዚስተሮች፣ ለድምፅ መጠን ባለ 10 ኪሎ ቮልዩም። መግዛት የሚኖርብዎት አምስት ባለ 100 ኪሎ ትሪመሮች ናቸው፤ በካቻቢቴ የሚዞሩ ትንንሽ ቮልዩሞች። ሃያ ጊዜ ያህል የሚዞረውን ዓይነት ካገኙ ጥቂት ተጨማሪ ብር ቢያወጡበት ይሻላል፤ በአንድ ዙር በሚያልቀው መቃኘት ትዕግሥት ያስጨርሳል። አምስት መጫኛ ቁልፎች፣ ብሬድ ቦርድ፣ ካውያ፣ ሊድ፣ ፒንሳና ቴስተር ይጨምሩ።

አሠራሩ

መጀመሪያ ሁሉንም ያለ ብየዳ በብሬድ ቦርድ ላይ ያድርጉት። የአይሲው ግማሽ ክብ ምልክት ወደ ግራዎ ይሁን፤ ያን ጊዜ እግር 1 ከታች በግራ፣ እግር 14 ከላይ በግራ ይሆናል። እግር 14ን ከፖዘቲቭ፣ እግር 7ን ከኔጋቲቭ ያገናኙ። በሁለቱ መካከል፣ ለአይሲው በጣም ቀርቦ፣ አንድ 104 ካፓሲተርና 10 ማይክሮፋራዱን ያድርጉ። ባለ ምልክቱ ካፓሲተር ኔጋቲቩ ወደ ኔጋቲቭ መሆኑን ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ድምፅ አውጪው ነው። ከእግር 1 ወደ ኔጋቲቭ አንድ 104 ካፓሲተር፣ ከእሱ ጎን ባለ 1 ሜጋ ሬዚስተር ያስገቡ። ከእግር 2 ባለ 10 ኪሎ ሬዚስተር ያውጡና ሌላኛው ጫፉ ለአምስቱም ቁልፎች የጋራ ይሁን። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ማዶ አንድ ትሪመር፣ ከትሪመሮቹ ማዶ ደግሞ ሁሉም ወደ እግር 1 ይመለሱ። ቁልፍ ሲጫኑ ካፓሲተሩ በዚያ ትሪመር በኩል ይሞላል፣ ይፈሳል፣ እንደገና ይሞላል፤ ድምፁ ይህ ነው። የትሪመሩ መጠን ሲጨምር ሙላቱ ይዘገያል፣ ድምፁ ይወርዳል። ቁልፍ ካልተጫኑ ባለ 1 ሜጋው እግር 1ን ወደ ታች ስለሚይዘው ዝም ይላል።

እግር 2ን በቀጥታ ከእግር 3 ጋር ያገናኙ፤ ሁለተኛው ክፍል ድምፁን ለውጭ ያቀብላል፣ የውጭው ሽቦም ቅኝቱን አያናጋም። ከእግር 4 የ1 ማይክሮፋራዱን ካፓሲተር፣ ከእሱ ባለ 100 ኪሎ ሬዚስተር፣ ከዚያ የቮልዩሙን አንድ ዳር ያያይዙ። የቮልዩሙ ሌላ ዳር ወደ ኔጋቲቭ፣ መካከለኛው እግሩ ወደ ስፒከር መሰኪያው ይሄዳል። ባለ 100 ኪሎውን አይዝለሉት፤ ያለ እሱ የሚወጣው 9 ቮልት ያህል ሞገድ የሰው ሚክሰር ሊያበላሽ ይችላል። በመጨረሻ ያልተጠቀሙባቸውን እግር 5፣ 9፣ 11 እና 13 ከኔጋቲቭ ጋር ያስሩ፤ ተንጠልጥለው ከቀሩ ባትሪ ይበላሉ፣ ጫጫታም ያመጣሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ በርካሽ የስልክ ስፒከር ይሞክሩት። ዝም ካለ አይሲውን ይንኩ፤ ከሞቀ ኃይሉ ተገልብጧል፣ ወዲያው ይንቀሉ። ካልሞቀ ቴስተሩን በዲሲ ቮልት አድርገው በእግር 2ና በኔጋቲቭ መካከል ይለኩ። ምንም ሳይጫኑ ወደ 9 ቮልት፣ ቁልፍ ሲጫኑ ወደ ግማሹ ካሳየ ሞገዱ አለ፤ ስህተቱ ከእግር 3 ወዲያ ነው። ሲጫኑም 9 ላይ ከቆመ ከቁልፉና ከትሪመሩ መንገድ አንዱ ተቆርጧል።

የሚወጣው ድምፅ ሻካራ ነው። ከቮልዩሙ ላይኛ ዳር ወደ ኔጋቲቭ 103 የተጻፈበት ካፓሲተር ቢጨምሩ ይለሰልሳል፤ በ473 ቢቀይሩት ወደ ዋሽንት ይጠጋል። እኔ 103ን እመርጣለሁ፤ ከማሲንቆ ጎን ሲቆም ጥቂት ሸካራነት ያስፈልገዋል።

ቅኝቱ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው፤ አይቸኩሉ። በስሌት ብቻ ከሄዱ ለመነሻ ይህ ይበቃል፦ 12,500ን ለሚፈልጉት የሞገድ ቁጥር ሲያካፍሉ የሚያስፈልገው ሬዚስተር በኪሎ ኦም በግምት ይወጣል። 220 ኸርዝ 57 ኪሎ ያህል፣ 330 ኸርዝ 38 ኪሎ ያህል፣ 440 ኸርዝ 28 ኪሎ ያህል ይፈልጋል። ባለ 10 ኪሎው ቋሚ ሬዚስተር በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። አይሲ ከአይሲ ስለሚለያይ ቁጥሩ አቅጣጫ ብቻ ያሳያል።

በኪቦርድ ላይ ነጭና ጥቁር ቁልፎችን በተራ እየቆጠሩ፣ መነሻውን ዜሮ ብለው ከያዙ፣ ዋናው የትዝታ ቅኝት 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ላይ ይቀመጣል። ሦስተኛውንና አምስተኛውን አንድ አንድ ቁልፍ ሲያወርዱ ሐዘን የተጫነው ትዝታ ይሆናል፦ 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8። ባቲ 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11 ወይም በሌላው መልኩ 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10 ነው። አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8። አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9። በስልክዎ የመቃኛ አፕ እነዚህን በትክክል ማግኘት ይችላሉ፤ ከዚያ ግን ስልኩን ያስቀምጡት።

ምክንያቱም እነዚህ ቁጥሮች የፋብሪካው ኪቦርድ የሚያውቃቸው ቦታዎች ናቸው፤ እነሱ ላይ ካቆሙ ይህን ሁሉ መድከም አያስፈልግም ነበር። ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ያግኙ። ከጎንደር ከተማ ብዙ ሳይርቁ ቡርቧክስን የመሰለ የአዝማሪዎች መንደር አለ፤ ከተማው ውስጥም በየአዝማሪ ቤቱ ማታ ማታ የሚጫወቱ አሉ። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ይሂዱ፤ የጊዜያቸውን ይክፈሉ። «ጋሼ፣ ለራስዎ ድምፅ በሚስማማዎ አንቺሆዬ ይቃኙልኝ» ይበሉ። እሳቸው አንድ ጅማት ይምቱ፣ እርስዎ የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጭነው ትሪመሩን በካቻቢቴ በቀስታ ያዙሩ። ሁለቱ ድምፆች ሲቀራረቡ የሚንቀጠቀጥ ሞገድ ይሰማል፤ እየዘገየ ይሄዳል፣ ሲገጥሙ ይጠፋል። ያን ጊዜ ያቁሙ፣ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

አምስቱ ካለቁ በኋላ ዘፈን እንዲዘፍኑ ይጠይቁና አብረው ይጫኑ። እዚህ ላይ አንድ ድምፅ ለብቻው ሲሰማ ትክክል የነበረ፣ በዘፈኑ ውስጥ ግን ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ፤ በተለይ አንቺሆዬ ላይ። አዝማሪው «ትንሽ ታች» ካሉ ታች ያድርጉት፤ ዳኛው የእሳቸው ጆሮ ነው። ሲጨርሱ የእያንዳንዱን ትሪመር መጠን ባትሪውን ነቅለው፣ ትሪመሩንም ከሌሎቹ ሽቦዎች ለይተው በቴስተር ይለኩና ቅኝቱን፣ መነሻ ድምፁንና የሙዚቃ መሣሪያውን ዓይነት ጨምረው በደብተር ይጻፉ። እንዲህ ያለ ደብተር ከየአዝማሪው ጆሮ የተወሰደ መዝገብ ይሆናል፤ ለእኔ ከመሣሪያው የማያንስ ስብስብ ነው።

ሁለት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ሁለት ድምፅ አይሰማም፤ ከሁለቱም ከፍ ያለ ሦስተኛ ድምፅ ይወጣል። እንደ ጌጥ የሚጠቀሙበት አሉ።

ጭራውን መምሰል

ማሲንቆ ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚንሸራተተውን ለመምሰል ከአሮጌ ቴፕ ኢኳላይዘር ላይ ተንሸራታች ቮልዩም ይንቀሉ፤ ባለ 100 ኪሎ ከሆነ በጣም ጥሩ። በስድስተኛ ቁልፍ በኩል እንደ ትሪመሮቹ ያስገቡት፣ ከጎኑ የእንጨት ፍልጥ ለጥፈው ድምፆቹ የሚገኙባቸውን ቦታዎች በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። የብርሃን ሬዚስተር ካገኙ ደግሞ በእጅዎ ጥላ ድምፁን ማውጣትና ማውረድ ይቻላል፤ ፈጽሞ ሲጨልም ዝም ይላል።

ከሥር የማይቋረጥ መደብ ድምፅ ከፈለጉ እግር 9ንና 8ን ይጠቀሙ። እግር 9ን ከኔጋቲቭ ይፍቱትና 224 ካፓሲተር ወደ ኔጋቲቭ፣ ባለ 10 ኪሎና አንድ ትሪመር በተከታታይ ከእግር 8 ወደ እግር 9 ያስገቡ። ከእግር 8 በሌላ 1 ማይክሮፋራድና በባለ 220 ኪሎ በኩል ወደ ቮልዩሙ ላይኛ ዳር ያምጡት። ከመነሻው አንድ ኦክታቭ ታች ይቃኙት። ሁለቱ ሞገዶች በኃይል መስመሩ በኩል እየተሳቡ ሊጣበቁ ይሞክራሉ፤ በአይሲው አጠገብ ያደረጓቸው ካፓሲተሮች ያን ይቀንሳሉ።

ብየዳ፣ ሣጥን፣ አየር

በብሬድ ቦርድ ላይ በደንብ ከሠራ በኋላ ብቻ ይበይዱ። አይሲውን በቀጥታ አይበይዱት፤ ማስቀመጫ ሶኬት ይበይዱና አይሲውን ይሰኩበት። ሣጥኑን ከዋንዛ ቢያሠሩት ያምራል፣ ይጸናልም። የሚሠራ ማሲንቆ ወይም ክራር ግን ለዚህ ብለው አይቅደዱ። በሣጥኑ ጎን ለእያንዳንዱ ትሪመር ካቻቢቴ የምታልፍበት ቀዳዳ ይተዉ።

ባትሪው ሲደክም ቅኝቱ ይንሸራተታል። ከሶላር ወይም ከሞተር ብስክሌት 12 ቮልት ባትሪ 7809 በተባለ የቮልቴጅ ማረጋጊያ በኩል 9 ቮልት ቢሰጡት ይረጋል። ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባትና ደባርቅ ሲወጡ የሌሊቱ ብርድ የባትሪን አቅም ይቀንሳል፤ ባትሪውን ከልብስዎ ሥር ይያዙት። ከውርጭ ወደ ሞቀ ቤት ያስገቡትን መሣሪያ ላብ ስለሚያወጣ እስኪደርቅ አያብሩት፤ ከዚያም እንደገና ይቃኙት። በክረምት ኪቦርዶችዎን ከመሬት ከፍ አድርገው በጨርቅ ይሸፍኑ፤ መብረቅ ሲጀምር፣ መብራትም ሲጠፋ ከሶኬት ይንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ አደገኛ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ በአዝማሪ ቤት ሲጫወቱ ቮልዩሙን ዜሮ አድርገው ወደ ሚክሰሩ ይሰኩ፣ ከዚያ ከማሲንቆው በታች እስኪሆን ብቻ ይክፈቱት። አዝማሪው በአንድ ምሽት ከትዝታ ወደ አምባሰል፣ ከአምባሰል ወደ ባቲ ይሻገራሉ፤ በመካከል አምስት ትሪመር ለማዞር ጊዜ የለም። ስለዚህ ሁለተኛ ሣጥን ሠርተው በሌላ ቅኝት ያዘጋጁ። የአይሲው ዋጋ ትንሽ ስለሆነ ለአራቱም ቅኝት አራት ሣጥን መሥራት ይቻላል፤ በየሣጥኑ ላይ የቅኝቱን ስምና የቃኙልዎን ባለሙያ መነሻ ድምፅ ይጻፉ።